በሰማይ ስለ ተሰየሙት ስለ ቡናና ስለ አቦል

ስም ማውጣት ቀላል ሥራ መስሎ ይታያል፤ ዳሩ ግን ስም የወጣለት ነገር ስሙን እንደ ልብስ አውልቆ ሊጥለው አይችልምና፥ ስም አውጪ በሥራው ይመሰገናል፥ በሥራውም ይነቀፋል። ለዚህ ነገር ምስክር ለመሻት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሐድያ አገር የሚገኘው ትልቁ ከተማ ዛሬ ሆሳዕና ይባላል፤ ሥፍራው ግን አስቀድሞ ዋቸሞ ይባል ነበር። አዲሱ ስም ከበዓለ ሆሳዕና ተወስዶ በተሰጠ ጊዜ የቀደመው ስም አልሞተም፤ በአገሬው አፍ ኖረ፥ ዛሬም በከተማው ያለው ዩኒቨርሲቲ የሚጠራው ዋቸሞ ተብሎ ነው። አንድ ሥፍራ እንዲህ ሁለት ስም ይዞ ይኖራል፤ አንደኛው መጥቶ የሰየመው ሰው የሰጠው፥ ሁለተኛው በዚያ የሚኖረው ሰው የሚያውቀው። ይህን ነገር በልቡና አኑሮ ወደ ሰማይ ቀና ማለት ይገባል፤ በሰማይ ደግሞ ኢትዮጵያ ያወጣቻቸው ሁለት ስሞች አሉና፥ እነርሱም እንደ ማናቸውም ድርሰት ሊመረመሩ የሚገባቸው ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዓለም የሥነ ፈለክ ሊቃውንት በፈረንጆች ቁጥር በ1919 የተመሠረተ አንድ ኅብረት አላቸው። ይህ ኅብረት 100ኛ ዓመቱን ባከበረ ጊዜ ለየአገሩ አንድ ኮከብና በኮከቡ ዙሪያ የሚዞር አንድ ፕላኔት፥ ይኸውም ዘዋሪ ኮከብ፥ ስም እንዲያወጣለት ሰጠ። በየአገሩም ኮሚቴ ተቋቁሞ የሕዝቡን ሐሳብ ተቀበለ፤ በዓለም ሁሉ ከ780,000 የሚበልጡ ሰዎች በዚህ ሥራ ተካፈሉ። የ112 አገሮች ምርጫ በ2012 ዓመተ ምሕረት ታኅሣሥ 7 ቀን፥ በፈረንጆች ቁጥር ዲሴምበር 17 ቀን 2019 ተገለጠ። ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ እስከዚያ ቀን ድረስ በሄንሪ ድሬፐር መዝገብ ውስጥ ኤች ዲ 16175 ተብሎ በቁጥር ብቻ የሚታወቅ ነበር። እንግዲህ ኮከቡ ቡና ተባለ፤ ፕላኔቱም አቦል ተባለ። ከሦስት ቀን በኋላ፥ ታኅሣሥ 10 ቀን፥ የመጀመሪያይቱ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና አገር ተተኮሰችና የእርስዋ ዜና የስሙን ዜና ሳይሸፍነው አልቀረም። ሳተላይት ይታያል፥ ይተኮሳል፥ ወጪውም ይቈጠራል፤ ስም ግን ድምፅ ብቻ ነውና በገበያ ሚዛን አይመዘንም።

ስለ ስሙ ከመፍረድ በፊት የተሰየመውን ነገር ማወቅ ያሻል። ቡና የተባለው ኮከብ ከፀሐይ ጥቂት የከበደ፥ በብርሃንም ከእርስዋ የሚበልጥ ነው፤ ከምድር ያለው ርቀት 196 የብርሃን ዓመት ያህል ነው። የብርሃን ዓመት ማለት ብርሃን በአንድ ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል እየበረረ በአንድ ዓመት የሚሄደው መንገድ ነው። ስለዚህ ርቀት ቡና በዐይን ብቻ አይታይም፤ በትንሽ መነጽር ግን ይታያል። አቦልን ግን በማናቸውም መነጽር ያየው የለም። በፈረንጆች ቁጥር በ2009 መኖሩ የተገለጠው ኮከቡን በመመርመር ነው፤ በዙሪያው የሚዞረው ከባድ ነገር ኮከቡን ወዲያና ወዲህ ሲስበው ብርሃኑ አንድ ጊዜ ጥቂት ወደ ቀይ፥ አንድ ጊዜ ጥቂት ወደ ሰማያዊ ያደላልና። ከዚህም ምርመራ የአቦል ክብደት በሐሳብ መጻሕፍት ሙሽተሪ ከሚባለው ከጁፒተር ቢያንስ 4 እጥፍ እንደሚበልጥ፥ ኮከቡን አንድ ጊዜ ለመዞርም 990 ቀን ያህል እንደሚፈጅበት ታወቀ። መንገዱ እንደ ምድር መንገድ ወደ ክብነት የሚያደላ አይደለም፤ እጅግ የተለጠጠ ነው። ወደ ኮከቡ ሲቀርብ ምድር ከፀሐይ ካላት ርቀት ባነሰ ርቀት ያልፋል፤ ሲርቅ ደግሞ ከዚህ ርቀት ሦስት እጥፍ አልፎ ይሄዳል።

የቅኔ ተማሪ ለሆነ ሰው ይህ የምርመራ መንገድ እንግዳ ነገር አይደለም። ወርቁን በዐይኑ ያየው የለም፤ ሰሙ ከተለመደው መንገዱ ወጣ ሲል ግን በውስጡ የሚስበው ነገር እንዳለ ይታወቃል። ኮከቡ ሰም ነው፤ ፕላኔቱ ወርቅ ነው። ስለዚህ ስሙን በዚሁ በቅኔ ሕግ መመርመር ያለ አግባብ አይሆንም፤ ሁለት ስሞች በአንድነት መቆማቸውም ሁለት ቤት ብቻ ያለውን ጉባኤ ቃና ይመስላል። በጉባኤ ቃና ውስጥ የሚባክን ቃል የለም፤ ሥፍራው ጠባብ ነውና እያንዳንዱ ቃል ሸክሙን መሸከም አለበት። በዚያውም ላይ የኅብረቱ ደንብ ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከ4 ፊደል እንዳያንስ፥ ከ16 ፊደልም እንዳይበልጥ ይከለክላል። ቡናም አቦልም በላቲን አራት አራት ፊደል ናቸው፤ ከዚህ ያነሰ ስም አይፈቀድም ነበር።

ሰሙ የቤት ነገር ነው። ቡና ተቈልቶ፥ ተወቅጦ፥ በጀበና ፈልቶ ሲቀዳ የመጀመሪያው አቦል ይባላል፤ ሁለተኛው ቶና፥ ሦስተኛው በረካ ይባላል። ይህን የማያውቅ የኢትዮጵያ ሰው በከተማ አይገኝም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወርቁ ግን ከሰሙ ይልቅ ይጠልቃል። ሊቃውንት እንደሚያስተምሩት ኮከብና ፕላኔቶቹ ከአንድ ደመና የተገኙ ናቸው፤ የጋዝና የትቢያ ደመና በራሱ ክብደት ተሰብስቦ መካከሉ ኮከብ ሲሆን፥ በዙሪያው እየተሽከረከረ የቀረው ደግሞ ተጠራቅሞ ፕላኔት ይሆናል። እንግዲህ ፕላኔቱ ለኮከቡ ባዕድ አይደለም፤ ከአንድ ጀበና የወጡ ናቸው። አቦልም ከቡና የተለየ ሌላ መጠጥ አይደለም፤ ያው ቡና ሲቀዳ የመጀመሪያው ነው። ፕላኔትን ከኮከቡ ጋር ያለውን ዝምድና በዚህን ያህል አጭር ቃል የገለጠ ስም ማግኘት ቀላል አይደለም። በዚህም ላይ ስለ መንገዱ መለጠጥ የተነገረው ሲጨመር ወርቁ ይበዛል፤ አቦል ወደ እሳቱ ቀርቦ ይግላል፥ ከእሳቱ ርቆ ይበርዳል፥ 990 ቀን ሲፈጸም ደግሞ ተመልሶ ይጣዳል። ስም አውጪዎቹ ይህን ሁሉ አስበውት ይሁን ሳያስቡት ይሁን ለመርማሪው ልዩነት የለውም፤ በጉባኤ ላይም ባለቅኔው ያላሰበውን ወርቅ መምህሩ ሲያወጣለት የሚታይ ነው።

እስከዚህ ያለው ምስጋና ነው። ነቀፌታው ከዚህ ይጀምራል።

የመጀመሪያው ነቀፌታ በአንደኛው ቤት፥ ይኸውም በኮከቡ ስም ላይ ነው። ቡና ጥቁር ነው፤ ኮከብ ብርሃን ነው። የሌሊቱን ብርሃን በጥቁሩ መጠጥ መሰየም አዋቂ ባለቅኔ ቢያገኘው ድንቅ ተቃራኒ ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው፤ ነገር ግን ለተቃራኒው መንገድ የሚከፍት አንድ ቃል እንኳ በስሙ ውስጥ የለም። ሥርዓቱን ለተመለከተ ሰው ኮከቡ ሊመስል የሚገባው ከጀበናው በታች ያለውን ፍም ነው፤ ሙቀቱ የሚመጣ ከእርሱ ነውና። ቡና የሚለው ቃል ዛፉንም፥ ፍሬውንም፥ መጠጡንም፥ ጎረቤት የሚጠራበትንም ጉባኤ በአንድነት የሚይዝ ሰፊ ቃል ስለ ሆነ፥ ስፋቱ እንደ ጥቅም ሊቈጠርለት ይችል ይሆናል፤ በሁለት ቤት ቅኔ ውስጥ ግን ስፋት ድካም ነው። ሁለተኛው ቤት ጠንካራ ሆኖ የመጀመሪያው ላላ ያለ ጉባኤ ቃና ሲሰማ መምህሩ ዝም ብሎ አንገቱን ያዘነብላል፤ ደቀ መዝሙሩም ምን ማለቱ እንደ ሆነ ያውቃል።

ሁለተኛው ነቀፌታ የቁጥር ነገር ነው። የስሙ አወጣጥ ደንብ፥ ኮከቡና ፕላኔቱ በአንድ ሐሳብ እንዲያያዙና ወደ ፊት በዚያ ኮከብ ዙሪያ ሌላ ፕላኔት ቢገኝ በዚያው ሐሳብ ስም ሊወጣለት እንዲቻል የሚል ነበር። በዚህ በኩል አቦልን የመረጡ ሰዎች ብልሆች ናቸው፤ ሁለተኛ ቢገኝ ቶና፥ ሦስተኛ ቢገኝ በረካ ይባላልና ስሙ ገና ያልተወለደውን ወንድም በር ከፍቶ ይጠብቃል። ሊቃውንቱም ፕላኔቶችን የሚቈጥሩት በተገኙበት ተራ እንጂ ለኮከቡ ባላቸው ቅርበት ስላልሆነ፥ ቶና ከአቦል ይልቅ ለኮከቡ የቀረበ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ተራው አይፋለስም። ነገር ግን አራተኛ ቢገኝ ምን ሊባል ነው? ከበረካ በኋላ የሚቀዳ የለም፤ ጀበናው ይነሣል፥ ጎረቤትም ተመራርቆ ይበተናል። የፀሐይ ፕላኔቶች 8 መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው ቡና የተባለው ኮከብ በሦስት ብቻ ይወሰናል ብሎ ሊዋስ አይችልም። ሲኒ፥ ረከቦት፥ ጀበና እያሉ መቀጠል ይቻላል የሚል ቢኖር፥ ያን ጊዜ የቁጥሩ ሥርዓት ፈርሶ የዕቃ ዝርዝር ይሆናል። የቡርኪና ፋሶ ሰዎች በዚህ ነገር የበለጠ አርቀው አይተዋል፤ ለኮከባቸውና ለፕላኔታቸው ሙሁንና ናካንቤ የሚባሉትን የአገራቸውን ወንዞች ስም ሰጡ፤ ወንዝ ደግሞ ብዙ ነው። የዮርዳኖስ ሰዎች ፔትራና ዋዲ ሩም ብለው በአገራቸው የታወቁትን ሥፍራዎች ሰየሙ። የናይጄሪያ ሰዎች ግን ኮከቡን አማዲዮሃ ብለው በመብረቅ አምላክ ስም፥ ፕላኔቱን ኢኳኖ ብለው በ18ኛው መቶ ዓመት በነበረ ጸሐፊ ስም ጠሩ፤ ሁለቱም ስሞች ለየራሳቸው የከበሩ ናቸው፤ ሲጣመሩ ግን ማያያዣው ክር አይታይም። ከዚህ ጋር ሲመዛዘን የኢትዮጵያው ጥንድ ከናይጄሪያው ይሻላል፥ ከቡርኪና ፋሶው ያንሳል፥ በምስጢር ግን ከሁለቱም ይበልጣል።

ሌላ ነቀፌታ የሚያመጡ ሰዎች ደግሞ ሊኖሩ ይችላሉ፤ አቦል የሚለው ቃል ከዐረብኛ አወል፥ ይኸውም ከመጀመሪያ የተወለደ ነው ይባላልና፥ ለኢትዮጵያ ኮከብ የተውሶ ስም እንዴት ይሰጣል የሚሉ። ይህ ነቀፌታ አያቆምም። በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዘንድ ሲነበቡ የኖሩት የኮከብ መጻሕፍት አሥራ ሁለቱን መናዝል ሐመል፥ ሠውር፥ ገውዝ፥ ሸርጣን፥ አሰድ፥ ሰንቡላ፥ ሚዛን፥ አቅራብ፥ ቀውስ፥ ጀዲ፥ ደለዊ፥ ሑት እያሉ ይጠራሉ፤ እነዚህም ስሞች የዐረብ ናቸው። ስለ ተውሶአቸው ነውር የቈጠረባቸው የለም። ስም ከወዴት እንደ መጣ ብቻ ሳይሆን በማን እጅ እንዳደገ ይጠየቃል፤ አቦልም በኢትዮጵያ እመቤቶች እጅ ያደገ ቃል ነው።

ይልቅስ በዚህ ሥፍራ ሳያስገርም የማያልፍ አንድ ነገር አለ። ቡና በ19ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ገደማ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነገሩ እስኪላላ ድረስ፥ በኢትዮጵያ ክርስቲያን ዘንድ የተነቀፈ መጠጥ ነበር፤ ካህናትም የእስላምና የአረማዊ መጠጥ ነው እያሉ ይከለክሉ ነበር። ከዚህ ነገር መቶ ዓመት ጥቂት አልፎ ያው የተነቀፈው መጠጥ ከከዋክብት ጋር ተቈጠረ። የካህናቱ ልጅ ልጆች ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ አቦል ሲቀዳላቸው እጃቸውን እንደማይሰበስቡ የታወቀ ነው።

አሁን ወደ ታላቁ ነገር መምጣት ይገባል፤ ኮከቡ ያለበት ሥፍራ ከስሙ ይልቅ ብዙ የሚናገር ሆኖ ይገኛልና። ቡና የሚገኘው አንድሮሜዳ በሚባለው የከዋክብት ክፍል ውስጥ ነው። አንድሮሜዳ ማን ናት ቢሉ፥ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስና የንግሥቲቱ የካሲዮፔያ ልጅ ናት፤ እናትዋ በውበት ስለ ተመካች በባሕር አውሬ እንድትበላ በዐለት ላይ ታስራ ሳለች ጴርሴዎስ አዳናት ይላሉ። አባትዋም፥ እናትዋም፥ ባልዋም በሰማይ በየስማቸው አጠገብዋ ተቀምጠዋል። የግሪኮች ኢትዮጵያ ዛሬ ኢትዮጵያ የምትባለው አገር ብቻ እንዳልሆነች የታወቀ ነው፤ ቢሆንም ከ112 አገሮች መካከል ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ በኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ላይ የተቀመጠው መሆኑ ባለቅኔን ዝም የሚያሰኝ ነገር አይደለም። ይህ ወርቅ ደጃፍ ላይ ወድቆ ሳለ ስሙ አላነሣውም። የሐድያ ሰው ቢሆን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል፤ የንጉሥ ልጅ ከተፈለገች የሐድያው ገራድ ልጅ እቴጌ እሌኒ አለች፤ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት የነበረች፥ ከእርሱም በኋላ በነገሡት ዘመን መንግሥትን የመከረች፥ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ፖርቱጋል መልእክተኛ የላከች ናት። በተረት ታስራ የዳነችው በሰማይ ስትኖር በታሪክ መንግሥት የመራችው አልኖረችም። ነገር ግን ፍርድ በሚዛን ሊሆን ይገባል፤ የኅብረቱ ደንብ በመንግሥት፥ በጦርነት ወይም በሃይማኖት ሥራ የታወቁ ሰዎች ስም ለኮከብ እንዳይሰጥ ይከለክላል፤ ስለዚህ እሌኒ ቀድሞውንም ልትመረጥ አትችልም ነበር። የቡና ስም የተመረጠው በዚህ አጥር ውስጥ መሆኑ ሊረሳ አይገባም።

በዚሁ በአንድሮሜዳ ክፍል በዐይን ብቻ ሊታይ የሚችል ትንሽ ደመና የመሰለ ነገር አለ። የፋርስ ሊቅ አልሱፊ በፈረንጆች ቁጥር በ964 ገደማ በመጽሐፉ ጽፎታል። እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ብዙ ሊቃውንት በዚሁ በፀሐይ የከዋክብት ጭፍራ ውስጥ ያለ ጢስ ይመስላቸው ነበር፤ ኋላ በ1920ዎቹ ኤድዊን ሀብል የሚባል አሜሪካዊ ርቀቱን ሲለካ ራሱን የቻለ ሌላ የከዋክብት ጭፍራ፥ ይኸውም ሌላ ጋላክሲ ሆኖ አገኘው። ዛሬ ርቀቱ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል እንደ ሆነ ይታወቃል። ከዚህ የተነሣ አንባቢ ሊሳሳት አይገባውም፤ ቡና በዚያ ጋላክሲ ውስጥ አይደለም። ቡና የፀሐይ ጎረቤት ነው፤ ከበስተ ኋላው ያለው ጋላክሲ ግን ከእርሱ ከ12,000 እጥፍ በላይ ይርቃል። ሰው በመስኮት ሲመለከት በመስኮቱ ላይ ያለችው ዝንብና ማዶ ያለው ተራራ በአንድ መስመር እንደሚታዩት ያለ ነው። እንዲህ ያሉ ጋላክሲዎች በመቶ ቢሊዮን ይቈጠራሉ፤ በእያንዳንዱም ውስጥ ያሉት ከዋክብት እንዲሁ ከቁጥር በላይ ናቸው። ከፀሐይ ሌላ በከዋክብት ዙሪያ የሚዞሩ ፕላኔቶች መኖራቸው የተረጋገጠው ግን በቅርብ ነው፤ ፀሐይን በሚመስል ኮከብ ዙሪያ የመጀመሪያው በፈረንጆች ቁጥር በ1995 ተገኘ፥ በ2022 ቁጥራቸው ከ5,000 አለፈ። እስከ ዛሬ ሕይወት ያለው ነገር በአንዱም ላይ አልተገኘም።

በአቦልስ ላይ ሕይወት ይኖር ይሆን? አቦል ከጁፒተር የከበደ የጋዝ ክምር ስለ ሆነ እግር የሚቆምበት መሬት የለውም፤ ቤት የሚሠራበት፥ እንሰት የሚተከልበት ሥፍራ አይገኝበትም። እንደ ጁፒተር ጨረቆች ያሉት እንደ ሆነ ምናልባት በእነርሱ ላይ ይሆናል የሚል ሰው አይከለከልም፤ ነገር ግን ለአቦል እስከ ዛሬ አንድም ጨረቃ አልተገኘለትም። በዚህ ነገር የቤተ ክርስቲያን ልጆች ሁለት ነገሮችን እንዳያምታቱ ያስፈልጋል። ከሰማይ በላይ ነዋሪ አለ ማለት ለእነርሱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ኢዮር፥ ራማ፥ ኤረር ተብለው የሚጠሩት ሦስቱ የመላእክት ከተሞች በመጽሐፈ አክሲማሮስና በሊቃውንቱ ትምህርት የታወቁ ናቸው። ሄኖክም በፀሐይና በጨረቃ መንገድ፥ በስድስቱ የምሥራቅና በስድስቱ የምዕራብ በሮች በኩል በዑርኤል መሪነት እንደ ተመላለሰ በመጽሐፉ ተጽፏል፤ ይህም መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ተሟልቶ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ነገር ግን የመላእክት ከተማ በመነጽር የምትለካ አይደለችም፥ በመነጽር የሚለካውም ፕላኔት የመላእክት ከተማ አይደለም። ራማ የሚለውን ስም ለጋዝ ክምር ሳይሰጡ አቦል የሚለውን መስጠታቸው ስለዚህ መልካም ሆኗል፤ የምድሩ ስም ለሥጋዊው ዓለም ተሰጠ፥ የላዩም ስም በሥፍራው ቀረ።

ይሁን እንጂ በሌላ ኮከብ ዙሪያ አንድ ቀን ነዋሪ ያለው ዓለም የተገኘ እንደ ሆነ፥ የዋቸሞ ነገር ተመልሶ ይመጣል። ያ ሕዝብ ምድሩን በራሱ አፍ የሚጠራበት ስም አለው፤ ከሩቅ ሆኖ በመነጽር አይቶ ስም የሰጠው ሁሉ ለእርሱ መጻተኛ ነው። መዝሙረኛው ከዋክብትን ሁሉ ቈጥሮ በየስማቸው የሚጠራ ፈጣሪ ነው ማለቱን ያስተዋለ ሰው፥ የሰው ስም አወጣጥ ምን ጊዜም ሁለተኛ ስም እንደ ሆነ ያውቃል። የኅብረቱ ሰዎች ይህን ነገር ፈጽሞ አላጡትም፤ የመዝገቡ ቁጥር በሊቃውንት ዘንድ እንደ ጸና ይኖራል፥ የወጣውም ስም ከቁጥሩ ጎን ይቆማል እንጂ አይሽረውም።

ስሙ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ደግሞ በምድርም አለ። ኢትዮጵያ በዚያ ቀን በሰማይ ያወጣችው አንድ ጥንድ ስም ነው፤ በውስጥዋ ያሉት ሕዝቦች ግን ብዙ ናቸው። አቦል፥ ቶና፥ በረካ የሚለው አቆጣጠር በአማርኛ የሚነገር ነው፤ የሐድያና የከምባታ ሰው በቤቱ በራሱ ቋንቋ ይነጋገራል። ይህ ስም ለሆሳዕና፥ ለዱራሜ፥ ለሺንሺቾ፥ ለዶዮገና ሰው ባዕድ ነው ይባል ይሆን? ፍርዱ አይደለም የሚል ነው፤ ምክንያቱም ከቃሉ ይልቅ ነገሩ ይናገራል። በከምባታ ቡና ከእንሰቱ ጋር በጓሮ ይበቅላል፤ ቤተ ሰብ ከሚተዳደርበትም አንዱ ነው። በዚያ አገር ቡና በጨው፥ አልፎ አልፎም በቅቤ ይጠጣል፤ ጎረቤትም ሳይጠራ ብቻውን የሚጠጣ ሰው እንደ ንፉግ ይቈጠራል። ከዚህ ይልቅ ስሙ የሰሜን ቤተ መንግሥት ወይም የአንድ ነገሥታት ከተማ ስም ቢሆን ኖሮ የደቡቡ ሰው ተካፋይ ለመሆን ይቸገር ነበር። ቡና ከከፋ እስከ ሐረር፥ ከሲዳማ እስከ ጣና ዳር ድረስ የሚያጣላ ስም አይደለም። በኮከቡ ስም ላይ አስቀድሞ የተነቀፈው ስፋት በዚህ ሥፍራ ምስጋና ሆኖ ይገኛል፤ ባለቅኔው ያጣውን የአገሩ ሽማግሌ አገኘው።

የቀረው ነቀፌታ በስም አውጪዎቹ ላይ ሳይሆን ከእነርሱ በኋላ በመጡት ላይ ነው። በጉባኤ ያልተሰማ ቅኔ፥ ምንም ያህል ወርቁ ቢበዛ፥ ቅኔ አይባልም፤ ስምም በአፍ ካልተጠራ በመዝገብ ታስሮ ይቀራል። በእንጦጦ ተራራ ላይ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ ለእነርሱ ቡናን ማየት ቀላል ሥራ ነው። ነገር ግን የትምህርት ቤት ልጅ ኮከቡ በሰማይ በወዴት በኩል እንዳለ ካልተነገረው፥ የቴሌስኮፑ መቆም ለስሙ ምንም አይረዳውም። ስለዚህ ሥፍራውን መናገር ይገባል። በታኅሣሥ ወር መጀመሪያ፥ ሌሊት በ3 ሰዓት ገደማ፥ በሆሳዕና ከተማ ወይም በከምባታ ባለው 777 ደረጃ በተሠራለት በአምባሪቾ ተራራ ላይ የቆመ ሰው ፊቱን ወደ ሰሜን ይመልስ፤ ዐይኑንም ከአድማስና ከራሱ ወገብ መካከል ከግማሽ በላይ ጥቂት ከፍ ያድርግ። ኮከቡ በዚያ አካባቢ ያልፋል። ጨረቃ ከሌለች ከእርሱ በስተ ምዕራብ ዝቅ ብሎ ደመና የመሰለው ጋላክሲ በዐይን ይታያል፤ ቡና ግን መነጽር ይፈልጋል። በመነጽሩ ውስጥ የምትታየው ትንሽ ነጥብ ዛሬ የወጣ ብርሃን አይደለችም፤ ከኮከቡ የተነሣችው ከ190 ዓመት በላይ አስቀድሞ፥ በታች ያለው ከተማ ገና ዋቸሞ ብቻ ሳለ ነው።